ሳይታይ የተፈታው ጉልበት

አዳማ ገና ናዝሬት ሳትባል፣ ጣሊያን ከመግባቱ ስምንት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሕክምና ቤት ሥራ ጀመርኩ። ሕክምና ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ፣ አልጋው አንድ። ያቆሙት የቡናና የቆዳ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ የሚታከሙበትም ሸክም የሚጥላቸው የእነሱ ተሸካሚዎች ነበሩ።

ሐኪሙ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር። መኖሪያው አዲስ አበባ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ በባቡር ነው። አማርኛውን ሰባብሮ ቢናገርም መናገር የፈለገውን አያጣም። በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያ፣ ባልዲና የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ ሰጠኝ። ከዚያ እጄን ያዘና አሸተተው።

«ቅቤ» አለ።

«አዎ ጌታዬ። አባቴ ወጌሻ ነበር። እኔም ቡልጋ ሳለሁ አሽ ነበር።»

«እዚህ ማሸት የለም። እጅህ ላይ ቅቤ ካገኘሁ በዚህ በር ትወጣለህ። ገባህ?»

«ገባኝ ጌታዬ።»

በመዝገቡ ላይ «ቁስል አጣቢ ደምሴ» ተብዬ ተጻፍኩ። ማዕረጌ ይኸው ነበር። ከእኔ በላይ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ በላይ የነጋዴዎቹ መጋዘን ሹም ባላምባራስ ይግዛው፤ ከእኔ በታች መጥረጊያው።

ሐኪሙ ከሄደ በኋላ እስኪመለስ ያለው ጊዜ የእኔ ነው። ቁስል አጥባለሁ፣ ፋሻ ቀቅዬ ሽቦ ላይ አሰጣለሁ፣ ወረንጦና መቀስ አፈላለሁ። ታማሚው ታጥቦ ሲወጣ እኔና የመድኃኒቱ ሽታ እንቀራለን። በበዓል ቀን እንኳ «ና ቅመስ» የሚለኝ አልነበረም። ዘመድ የለኝ፣ ሚስት የለኝ። ሁሉም መጤ የሆነበት የጣቢያ ከተማ ነው፤ መጤ ደግሞ መጤን ቶሎ አያምንም። አንዳንድ ቀን ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻ የፋሻውን ቁጥር ጮክ ብዬ እቆጥር ነበር።

ከዚህ ያወጣኝ ቱፋ ነው። ቱፋ ከአዋሽ ማዶ፣ የደራ ሰው ነው፤ በመጋዘኑ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን የተላጠ ትከሻውን ላጥብለት መጣ፤ በማግሥቱ ምንም ሳያመው መጣ። «ዛሬስ ምንህን ነው?» ስለው «ምንም። ብቻህን ስትቆጥር ሰምቼ ነው» አለኝና የገብስ ቆሎ ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ አሮጌ የሐዲድ እንጨት ላይ ተቀምጠን ቆሎ እንበላለን። ኦሮምኛ ያስተምረኛል፤ እኔ ስሳሳት እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ጠዋት «አካም ጅርታ፣ ወጌሻው?» ሲለኝ ቀኔ ይቃናል።

በሁለተኛው ዓመት ቱፋ ከነጆንያው ከፉርጎ ላይ ወድቆ በቀኝ ጉልበቱ አረፈ። ጉልበቱ አበጠ፤ በሳምንቱ እብጠቱ ጎደለ። ሁላችንም ድኗል አልን። ከወር በኋላ ግን አንድ ቀን ቁጢጥ ካለበት ሊነሳ ሲል ጉልበቱ እንደታጠፈ ቀረ። አልዘረጋ አለ። ትንሽ አወዛወዘውና ቀጭ ብሎ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ እየደጋገመ ይቆለፍበት ጀመር፤ አንዴ መሐል ላይ፣ አንዴ ሊዘረጋ ጥቂት ሲቀረው።

«ውስጡ የሚሄድ ነገር አለ» ይለኛል። «ጠዋት እዚህ ነበር፤ አሁን እዚያ ነው።»

ይህንኑ ለተሸካሚዎቹ ነገራቸው፤ ምነው ባልነገራቸው! «ጠጠሬ» ብለው ስም አወጡለት። «ጠጠሬ፣ ዛሬ ጠጠርህ የት አደረ?» እያሉ መጫወቻ አደረጉት።

ሙሴ ያኒ ሁለት ጊዜ አየው። ሁለቱንም ጊዜ አልጋው ላይ አስተኝቶ ጉልበቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ተጫነ። ጉልበቱ እንደ ሕፃን ጉልበት ተላወሰ። የሚቆለፈው ሲፈልግ እንጂ ሐኪም ሲመጣ አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ ባላምባራስ ይግዛው ቁርጡን ተናገሩ።

«ሦስተኛው የመጨረሻው ነው» አሉ። «ሐኪሙ ታሟል ካለ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ጉልበቱ ይከፈትለታል፤ እስኪድንም ጆንያ አይነካም። ደህና ነው ካለ ይሸከማል። አልሸከምም ካለ አገሩ ደራ ሩቅ አይደለም።»

ሦስተኛው የምርመራ ቀን ደረሰ። ገና በጠዋቱ ቱፋ በዱላ እየዘለለ መጣ። ላብ ፊቱን አጥቦታል፤ ግን ይስቃል።

«ደምሴ፣ ተቆልፏል! እልል በልልኝ! ዛሬ ያየዋል!»

አስቀመጥኩት። ጉልበቱ ግማሽ ታጥፎ ቀርቷል፤ አልጋው ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ባቡሩ ረፋድ ላይ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። ቀትር ሆነ፤ የጣቢያው ሰው ሞጆ ላይ ቆሟል አለን። ቱፋ ሳቁን ተወ። የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በየመሐሉ «ይምጣ ብቻ፣ ይምጣ ብቻ» ይላል።

እኔ ደግሞ የወጌሻ ልጅ ነኝ። አባቴ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲያቃስት እጅህ ዝም አይበል። ያለኝ አንድ ሰው ዓይኔ እያየ ሲሰቃይ አልቻልኩም።

«ትንሽ ላላላልህ» አልኩት።

«ተወው፣ ይየው።»

«አልፈታውም እኮ። ጅማቱን ብቻ ላሙቀው።»

ዝም ማለቱን እሺታ አደረግሁት። ከማደሪያዬ ቅቤ አመጣሁ፤ አሞቅሁና ከጭኑ ጀምሬ ወደ ታች አሸሁ። ከጉልበቱ ሎሚ ግራና ቀኝ አውራ ጣቴን ሳሳርፍ፣ ከጣቴ ሥር አንዲት ጠንካራ ነገር ሸርተት አለች። ቀጭ! ጉልበቱ ተዘረጋ።

ቱፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ፊቱ በራ። ከዚያ እግሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ምን አደረግህ?» አለኝ።

ወዲያው ባቡሩ ጮኸ።

ሙሴ ያኒና ባላምባራስ አብረው ገቡ። ሐኪሙ ቱፋን አስተኛው፤ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ተጫነ። ምንም የለም። ቱፋ «ጠዋት ሙሉ ተቆልፎ ነበር» አለ። ባላምባራስ ሳቁ። ሐኪሙ ግን ዘወር አለና እኔን ጠየቀኝ።

«አንተ ተቆልፎ አይተሃል?»

እጄ በቅቤ ርሷል። ከኋላዬ ደበቅሁት። አየሁ ካልኩ ማን ፈታው ይለኛል። በዚህ በር መውጣቴ ነው። ወዴት ነው የምወጣው? ቡልጋ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

«ሲያነክስ አይቻለሁ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ቱፋ አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር እኔ ዕለቱን ከሥራ እባረር ነበር። አልተናገረም። ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። ሐኪሙ «ደህና ነው» ብሎ ጻፈ፤ ቀለሙን ያደረቅሁት እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ቱፋ ጆንያ ተሸክሞ ወደ ፉርጎው በሚያወጣው ሳንቃ ላይ ሳለ ጉልበቱ ተቆለፈ። ከነሸክሙ ወደቀ። ጭኑ ተሰበረ፤ ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። ሐኪሙ የለም። በቀርከሃና በፋሻ ያሰርኩት እኔ ነኝ። በደንብ ነው ያሰርኩት፤ ግን ስብራቱ ክፉ ነበር፣ እግሩም እንደሚያጥር አውቄያለሁ። ሥራዬን እስክጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። «ቱፋ» አልኩት። ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ። በሦስተኛው ቀን ወንድሞቹ በቃሬዛ ወደ ደራ ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብቸኝነት አልነግራችሁም ብዬ ነበር፤ ግን ልናገር። የሐዲድ እንጨቱ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ቆሎ ልበላ ሞከርኩ፤ አልወርድ አለኝ። ድሮ ብቻዬን ስሆን ማንም አልጎደለኝም ነበር። አሁን የጎደለኝ ሰው ስም ነበረው። አለቀስኩ፤ ሽማግሌ ሆኜ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ።

በሚቀጥለው ባቡር ሙሴ ያኒ ሲመጣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ቅቤውን፣ ማሸቴን፣ ከጣቴ ሥር ያመለጠችውን ነገር። መዝገቡን ገልጦ «ደህና ነው» ብሎ የጻፈበትን አየ።

«ስለ ቅቤው አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ጠየቅሁህ። ጠይቄህ ነበር።»

ቢያባርረኝ ይቀለኝ ነበር። ቁልፉን ወደ እኔ ገፋውና «ሂድ፣ ከሥጋ ሻጩ የበሬ ጉልበት አምጣ» አለኝ።

ጉልበቱን በቢላ ከፍቶ አሳየኝ። የአጥንቱ ጫፍ ነጭ፣ ለስላሳ ልባስ አለው፤ ልም አጥንት የሚባለው ነው። ሐኪሙ በቢላው ጫፍ የጥፍር ያህል ቁራሽ ከነልባሱ አነሳ። «ይህ አንዳንድ ሰው ላይ ከተቀመጠበት ይነሳል» አለ። መጀመሪያ ዙሪያውን ይሰነጠቃል፤ ቦታውን ግን አይለቅም። ያን ጊዜ ሰውየው በሸክም ያመዋል፣ ጉልበቱ ያብጣል እንጂ አይቆለፍም። ቀጥሎ በአንድ ጎኑ ብቻ ይንጠለጠላል፤ ይህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል። በመጨረሻ ይቆረጥና ይዞራል፤ የሚቆልፈውም ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው።

«የቱፋ ሦስተኛው ነበር» አልኩ።

«አዎ። እኔም ተሳስቻለሁ። ሦስት ጊዜ አስተኝቼ ፈለግሁት። ሰው ሲተኛ ቁራሹ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይቁም፣ ይራመድ፣ ቁጢጥ ይበልና ይነሳ። የት እንዳለ እሱን ጠይቀው፤ ጣቱን ያድርግበት። ከዚያ ጣትህን ከጣቱ ሥር አስገባ።»

የተማርኩት ይህን ነው። ታካሚውን ግድግዳ አስደግፌ አቆመዋለሁ፤ ክብደቱን በደህናው እግር ላይ ያደርጋል፣ የታመመውን ጭን ያላላል። በአንድ እጄ ከሎሚው በላይ ያለውን ኪስ ወደ ታች እጫናለሁ፣ በሌላው ጎንና ጎኑን እዳስሳለሁ። ቁራሿ ካለች እንደ ረጠበ ባቄላ ከጣት ታመልጣለች። ስትያዝ ቆዳው ላይ በቀለም ምልክት አደርጋለሁ። ካላገኘኋት «የለችም» ብዬ አልጽፍም፤ «ዛሬ አልተገኘችም» ብዬ እጽፋለሁ። ሰውየውንም ነገ ና እለዋለሁ፤ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ትመጣለች።

ሐኪሙ ቱፋን ካመጣሁት አዲስ አበባ እንደሚልከው ነግሮኝ ነበር። በበቅሎ ነጋዴዎች ሦስት ጊዜ ላክሁበት። መልስ የለም። በአገራችን ወግ ደግሞ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ ዘው ብሎ አይሄድም። ወደ ሐጂ ሰይድ ሄድኩ፤ ወሎዬ ባለሱቅ ናቸው፤ ሳሙናና ጥጥ የምገዛው ከእሳቸው ነው።

«ሐጂ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ፣ ለእርቅ እምቢ አይባልም። ሌሎቹ ሁለቱ እነማን ናቸው?»

ከእርሳቸው ሌላ ያሰብኩት ሰው አልነበረም።

«ሽማግሌ እኮ ሦስት ነው» አሉኝ። «ወገንህ ማነው?»

አጎት የለኝ፣ የክርስትና አባት የለኝ፣ ጎረቤቴ መጋዘን ነው። አንድ ሁለት ሰው ጠየቅሁ፤ «ለጠጠሬ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ሰው እንደሚያስፈልግ ያኔ ነው ያወቅሁት። ሳሙናዬን ይዤ ተመለስኩ።

አምስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ሙሴ ያኒ «ረዳት» የሚል ማዕረግ ሰጠኝ። ከመቂም፣ ከአቦምሳም ጉልበቱን የያዘው ሁሉ ይመጣብኝ ጀመር። አንዳንዷ ወይዘሮ ጉልበቷን ለወንድ አታሳይም፤ በነጠላዋ ላይ እዳስሳለሁ። ይመጣሉ፣ ይመርቁኛል፣ ይሄዳሉ። እኔ ፋሻዬን እቆጥራለሁ።

አንድ ከሰዓት አማን የሚባል የደራ በቅሎ ነጋዴ ከበቅሎው ላይ በሰው ተደግፎ ወረደ። ቀኝ ጉልበቱ ታጥፎ ቀርቷል። ከታች ዱላ ተደርጎ፣ በነጠላ ቁራጭ እንዳይላወስ ሆኖ ታስሯል። ጨርቁን ሳይ ወጌሻ ያሰረው እንዳልሆነ አወቅሁ፤ ወጌሻ ቢሆን ቀድሞ ያሸው ነበር።

«ማነው ያሰረልህ?»

«ጎረቤቴ ነው፤ አንድ አንካሳ ሰውዬ። የአዳማው ደምሴ ተቆልፎ ሳያየው ማንም እንዳይነካህ፣ እሱም ራሱ እንዳይነካህ አለኝ። ሌላም ነገር አለ።»

«ምን አለ?»

«ሲጠየቅ ይመልስ በለው አለኝ።»

ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ የሚመጣው በማግሥቱ ነበር። አማን እስኪነጋ ያልሰደበኝ ስድብ የለም። «አንተ ወጌሻ ነህ ዘበኛ? እባክህ አላላልኝ፣ የእናትህ አምላክ ይይልህ!» ይለኛል። ውኃ አጠጣሁት፣ ትራስ ደገፍኩለት፣ ላቡን ጠረግሁ፤ ጉልበቱን አልነካሁም። እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ ብላችሁ አትስቁ፤ እውነቴን ነው።

ባቡሩ በሰዓቱ ደረሰ። ሙሴ ያኒ የታሰረውን ፈታ፣ አየ። ከዚያ እንደ ድሮው ዞር ብሎ ጠየቀኝ።

«አንተ ተቆልፎ አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አልኩ። «ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ተቆልፎ አይቻለሁ።»

አማን አዲስ አበባ ተላከ። በሦስተኛው ወር በእግሩ እየተራመደ ተመለሰ። የወጣለትን ቁራሽ በጥጥ ጠቅልሎ ይዟል፤ አንድ ጎኗ ሻካራ አጥንት፣ አንድ ጎኗ ነጭ ልስልስ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል።

«ለቱፋ ላሳየው ነው። አብረን አንሄድም?» አለኝ።

«ሽማግሌ የለኝም።»

«እኔስ ምንህ ነኝ?»

ሐጂ ሰይድም ለገበያ ደራ የሚወርዱበት ቀን ነበር። «ሁለት ሆነናል» አሉ፤ «ሦስተኛዋ በቅሎዋ ትሁን፤ ከብዙ ሰው ይልቅ ዕውቀት አላት።» አዋሽን ተሻግረን ሄድን።

ቱፋ ደጁ ላይ በርጩማ ተቀምጦ ገመድ ይፈትል ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል። ሐጂ ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ በእጁ አስቆማቸው። አማን ጥጡን ፈታና ቁራሿን መዳፉ ላይ አደረገለት። ቱፋ ገለበጣት፣ መልሶ ገለበጣት።

«ይህቺን ነው ጠጠር ያሉኝ» አለ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። «እዚህም ድረስ ስሙ ተከትሎኛል። ስንፍና ነው የሰበረው ይሉኛል።»

የተዘጋጀሁበት የይቅርታ ቃል ከአፌ ጠፋ። «በድዬሃለሁ» ብቻ አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ። ዱላውን ተደግፎ ተነሳ፤ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ አደረገ። «የእኔ አሁንም ውስጡ አለ። ፈልገው።»

አፈሩ ላይ ተንበረከክሁ። በግራ እጄ ከሎሚው በላይ ተጫንኩ፣ በቀኜ ዳሰስኩ። እሱ ጣቱን ከውጭ በኩል አደረገ፤ ጣቴን ከጣቱ ሥር አስገባሁ። ሸርተት አለች። ተከተልኳት፣ ያዝኳት።

«አለች» አልኩ።

«ጮክ በል።»

«አለች!» ብዬ ጮኽኩ። «ከመጀመሪያውም ነበረች! ተቆልፎ ዓይኔ አይቷል፤ ሲጠይቁኝ ደብቄ ነው!»

ቱፋ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። ለመደገፍ ይሁን ለሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። አዲስ አበባ ሂድ ስለው «ጭኔ አጥሮ ጉልበቴ ቢላላ ምን ይጠቅመኛል? ትቀመጥ፣ ለምደናል» አለኝ። ቆሎ አቀረበልን፤ በልቼ ወረደልኝ። በማግሥቱ ወደ አዳማ ብቻዬን ተመለስኩ። በዓመቱ ጣሊያን ገባ፣ ሙሴ ያኒም አገሩ ገባ፤ ቱፋን ዳግመኛ አላየሁትም።

ዛሬ እናንተ ድሬሰሮች ራጅ አለላችሁ። ቢሆንም የሚቆለፍ ጉልበት ሲመጣባችሁ ሰውየውን አቁሙት፣ የት እንዳለ እሱን ጠይቁት። ተቆልፎ የመጣውን ሐኪም ሳያየው አትንኩ። ያያችሁትን ስትጠየቁ፣ አየሁ በሉ።